ዳገቱ ላይ ማን ቀድሞ ይቁም

የሰፈሩ ሰው የጡረተኛው ስፖርት አስተማሪ የጫማ ማሰሪያ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚፈታ ግራ ይገባው ነበር። ሰውየው ማለዳ ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ ከቤቱ ይወጣል። ጥቂት ሄዶ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ጎንበስ ይልና ማሰሪያውን ፈትቶ እንደገና ያስራል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ የመነጽር መሸጫውን መስኮት ትክ ብሎ ያያል፤ መነጽር ግን አድርጎ አያውቅም፣ የማድረግ ሐሳብም የለውም። ከዚያ ወዲያ ማንም ያልደወለለትን ስልክ አውጥቶ ጆሮው ላይ ይለጥፍና፣ "እሺ... እሺ... ገባኝ" ይላል። የመነጽር ቤቷ ባለቤት አንድ ቀን ወጥታ፣ "ቲቸር፣ ይግቡና ይሞክሩት እንጂ፣ መሞከር በነጻ ነው" ብትለው፣ "ለልጄ ቀለም እየመረጥኩላት ነው" ብሎ ሹልክ አለ።

እውነቱ ሌላ ነው። ደረቱን ያመው ነበር። ትንሽ ፈጠን ሲል፣ ወይም መንገዱ ሽቅብ ሲሆን፣ ከደረቱ መሐል አንድ ነገር ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ወደ ግራ ትከሻው ይወጣና መንጋጋው ሥር ገብቶ ይቀመጣል። ቆም ሲል ደግሞ ይለቀዋል። እንግዲህ መቆም ግድ ከሆነ በምክንያት መቆም ይሻላል ብሎ ነው ማሰሪያ የሚያስረው። ሰው አይቶ "አይ፣ እሱም ደከመ" ከሚለው ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል።

ምን ያድርግ፣ ዕድሜውን ሙሉ የበላው እንጀራ ይኸው ነው። "አትቁም! ልብህ አፍህ ውስጥ ቢገባም አትቁም! የቆመ ተሸነፈ!" እያለ በሜዳው ዙሪያ ስንቱን አባርሯል። ፊሽካው ከአፉ ስለማይለይ ተማሪዎቹ "ፊሽካ" አሉት፤ ስሙ ቀረና ፊሽካ ሆኖ ኖረ። አሁን ያ ሁሉ ተማሪ አድጎ ሰፈሩን ሞልቶታል። ዳቦ ቤቱ ውስጥ አለ፣ ታክሲው ላይ አለ፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አለ። ሁሉም "ቲቸር!" ይለዋል። ሁሉም ያየዋል። ወይም እሱ ያዩኛል ብሎ ያስባል፤ ሰው እኮ የራሱ ጣጣ አለበት፣ የሽማግሌ እርምጃ የሚቆጥርበት ጊዜ ከየት አምጥቶ!

ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ አጥር ሲጠግን መዶሻውን እንደያዘ ተዝለፍልፎ ወድቆ ነበር። ሆስፒታል ወስደው የጠበበውን የልቡን ደም ሥር ከፈቱለት። የልብ ሐኪሟ ያስተማራት ልጅ ሆና ተገኘች፤ ከአልጋው አጠገብ ቆማ ሳቀችበት።

"ቲቸር፣ ያኔ እርስዎ ሜዳ ያዞሩኝ ነበር፤ አሁን ተራው የእኔ ነው" አለችው። "ቁጭ ብለው ቢውሉ ይጎዱብኛል፣ ስለዚህ በየቀኑ ይራመዳሉ። ግን እንደ ድሮው አይደለም። እያወሩ መራመድ ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። ወሬው ካቃተዎት በዝቷል ማለት ነው፣ ይቁሙ። ደረትዎን ከያዘዎት ቁጭ ይበሉና ይቺን ክኒን ከምላስዎ ሥር ያድርጉ። ሕመሙ ከተመለሰብዎት ደግሞ ሳይውል ሳያድር እኔ ጋ ይምጡ። መደበቅ የለም!"

"ገባኝ" አለ ፊሽካ። ሲያስተምር የኖረ ሰው መማር ያስቸግረዋል።

ከሆስፒታል ሲወጣ ልጁ ቤት ከረመ። ልጁ ባንክ የምትሠራ፣ ረጅም ሕንጻ ላይ የምትኖር፣ ደግና ፈሪ ሴት ናት። እናቷን በልጅነቷ ያጣች ስለሆነ አባቷን እንደ እንቁላል ነበር የምትይዘው። ቤቱ ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ። የልጅ ልጆቹ በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ያልፉታል። ከወንበር ሊነሳ ሲል አማቹ ከተፍ ብሎ ክንዱን ይይዘዋል። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ጉልበቱ ላይ አስቀምጠውለት ይሄዳሉ። ከመስኮቱ የሚታየው የሌላ ሕንጻ ግድግዳ ነው። ፊሽካ በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ በቁሙ የተቀበረ መሰለው፤ አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብቶ፣ ውሃውን ከፍቶ፣ አልቅሷል።

ለምኖ ለምኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለች፣ ሚስቱ የሞተችባት፣ ጠዋት የደወሉ ድምፅ የሚሰማባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ልጁ ስትለቀው ቃል አስገብታዋለች።

"አባዬ፣ እንዳታታልለኝ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ደረትህን አመመህ የሚል ከሰማሁ ይሄ ቤት ይዘጋል። እኔ ጋ ትገባለህ፣ ከእንግዲህም መመለስ የለም።"

"እሺ" አለ። እሺ ማለቱ ሕመሙ አይመለስም ብሎ ነበር። ሕመሙ ክረምቱ ሲወጣ ተመለሰ። ፊሽካም ቤቱንና ወንበሩን በሐሳቡ መዘነና ሕመሙን ሆዱ ውስጥ ዘጋበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለስንቱ ተማሪ ተርቷል፤ ለራሱ ሲሆን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እንዲህ እያለ ብቻውን ሲራመድ ነው ሉል የመጣበት።

ሉል በዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረ የዕድሜ ልክ ባልንጀራው ነው። ስሙን ያወጡለት ያው ተማሪዎች ናቸው፤ መማሪያውን ሉል በሆዱ ላይ አስደግፎ ሲያዞር ሉሉ የትኛው እንደሆነ አይለይም ብለው። እሱም ስሙን ወዶት ነበር። ከወሬና ከወንበር በቀር ምንም የማያሯሩጠው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ልበ ቀና ሰው ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ ፊሽካ "ተነስና ተንቀሳቀስ፣ አንተ ጆንያ!" ሲለው፣ "መሬት ራሷ ትዞርልኝ የለም እንዴ፣ እኔ ምን አደከመኝ!" ይለው ነበር።

አንድ ጠዋት በሩን አንኳኩቶ፣ ለብሶት የማያውቀውን ቱታ ለብሶ ቆመ።

"ምን ሆነህ ነው?" አለ ፊሽካ ሳቁ እያመለጠው።

"ሚስቴ ሆደ ሰፊ ነህ ትለኝ ነበር" አለ ሉል። "ሐኪሙ ደግሞ ልብህም ሰፍቷል አለኝ። ደም ሥሬም ጠቧል አሉ። ክኒን ሰጡኝ፣ ከዚያ 'በእግርህ ሂድ' አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን የት ልሂድ ይል ነበር፤ እኔ ግን ወዳንተ መጣሁ። እንዳንተ ያለ ልቡን ጠግኖ እንደ ጎረምሳ የሚራመድ አስተማሪ እያለኝ ምን አስፈራኝ! ከዛሬ ጀምሮ ተማሪህ ነኝ። አትምታኝ እንጂ የፈለግከውን አድርገኝ።"

ፊሽካ ያን ጊዜ እውነቱን ሊናገር ይችል ነበር። "ወንድሜ፣ እኔም ጠጋግኜ ነው የምሄደው" ቢለው ኖሮ ሁለቱም ስቀው ያልፉት ነበር። ግን ተማሪህ ነኝ ያለውን ሰው ፊት ለፊት አይቶ ደረቱ ራሱ ተነፋ። "ና፣ ውጣ" አለው፤ ወጡ።

መንገዳቸው ከቤቱ ተነስቶ በዳቦ ቤቱ በኩል፣ በድልድዩ ላይ አድርጎ ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው ታንከር ይወጣል። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ዳገት ነው። ረጅም አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ዳገት ብሎም አይጠራው። ለፊሽካ ግን የቀኑ ፈተና እሱ ነበር። መጀመሪያ ቀን ዳገቱ ወገብ ላይ ደረቱን ሲይዘው፣ ማሰሪያ እንዳያስር አጠገቡ ሰው አለ፤ እንዳይቀጥል አልቻለም። ጨንቆት አፉ እንዳመጣለት፣ "አንተ፣ ይሄ ወንዝ ግን መጨረሻው የት ነው?" አለው።

ሉል ወዲያው ተገተረ። እየተራመደ ማስተማር አይሆንለትም፤ ሁለት እጅና የቆመ መሬት ያስፈልገዋል። ዞሮ ወደ ወንዙ እየጠቆመ ገባሮቹን ከነምንጫቸው ይዘረዝር ጀመር። ፊሽካም ግድግዳውን ደገፍ ብሎ፣ "እህ... እህ..." እያለ ሰማ። የሰማው ነገር የለም፤ የራሱን ልብ ነበር የሚያዳምጠው። ቀስ እያለ ለቀቀው። ትምህርቱ አለቀ፣ መንገዱ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ይሄ ልማድ ሆነ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ፊሽካ አንድ ጥያቄ ያነሳል። ነፋስ ከየት ይነሳል? በረሃ ለምን በረሃ ሆነ? የባሕር ውሃ ጨው ከየት አመጣ? ሉል ይቆማል፣ ያስተምራል፣ ላቡን ይጠርጋል። ሁለት ልበ ሕሙማን አንዱ በማስተማር አንዱ በመማር ሰበብ እያረፉ ታንከሩ ድረስ ይወጣሉ፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከተማውን ያያሉ። ፊሽካ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ደስ ያለው ጊዜ አልነበረም። ሌሊት ሲነቃ ነገ ምን እንደሚጠይቀው እያሰበ እንቅልፉ ይመለስለት ነበር። ወደደው፤ ድሮም ይወደው ነበር፣ አሁን ግን አወቀው።

ይሄ ለረጅም ጊዜ ቢቀጥል መልካም ነበር። አልቀጠለም።

አንድ ማለዳ ዳገቱ ወገብ ላይ ፊሽካ እንደ ልማዱ፣ "እኔ የማይገባኝ ይሄ ደመና እንዲህ ከብዶ እንዴት አይወድቅም?" ብሎ ጠየቀ። ሉል አልቆመም።

"ጠብታው ቀላል ስለሆነ ነው" አለና አለፈ።

"በቃ? ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው። እንራመድ፣ ለወሬ አልመጣንም።"

ፊሽካ ሆዱ ባባ። በማግሥቱም ሞከረ፣ ሉል ባጭሩ መልሶ አለፈ። በሦስተኛው ቀን "ኋላ እነግርሃለሁ" አለው፤ ኋላ ግን አልነገረውም። ያ አፉ የማያርፍ ሰው ዳገቱ ላይ ሲደርስ ጭጭ ማለት ጀመረ። ሐኪሟ ምን ነበር ያለችው? ወሬው ካቃተ በዝቷል፣ ይቁሙ። ፊሽካ ይሄን ቃል ያውቀዋል። ግን የሉልን ዝምታ ሲሰማ ሉል በረታ ብሎ ነው የተረጎመው፤ እንዲያውም ቀናበት። ጆንያ ሲለው የኖረው ሰው ዳገቱን ያለ ዕረፍት እየወጣ እሱ፣ ፊሽካ፣ ቁም በለኝ ብሎ ሊለምን ነው? ሞቶ ነው! ከሁሉ ይልቅ ደግሞ፣ ለመናገር ያፍራል እንጂ፣ በዝምታው ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎት ነበር። እሱም መልስ የሚሰጥበት ትንፋሽ አልነበረውማ።

እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ጥርሳቸውን ነክሰው ይወጡ ጀመር። አንዱ አንዱን እየሰማ፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ።

አንድ ቀን ታንከሩ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሉል መንጋጋውን እያሸ፣ "እንዲያው ልጠይቅህ" አለው። "ሳትዋሸኝ ንገረኝ። አንተ ስትራመድ ደረትህን ይዞህ ያውቃል?"

እውነቱ ፊሽካ ምላስ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ሉል ያወቀውን ሚስቱ ታውቃለች፤ የሉል ሚስት ያወቀችውን ደግሞ የእሱ ልጅ ምሳ ሳትበላ ትሰማለች፣ ሁለቱ በስልክ የማያወሩበት ቀን የለም። ያ ወንበር፣ ያ ሪሞት፣ ያ ግድግዳ ፊቱ ላይ ድቅን አለ።

"እኔን?" አለ እየሳቀ። "ኧረ በጭራሽ! ከተከፈተልኝ ወዲህ እንደ አዲስ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ያስቸግራል፣ እሱም ስትለምደው ይለቅሃል። ዋናው አለመቆም ነው።"

"እንደዚያ ነው?"

"አዎ። ምነው፣ አንተን ይይዝሃል እንዴ?"

"ኧረ እኔም ደህና ነኝ" አለ ሉል። "ዝም ብዬ ነው።" ከዚያ ተነስቶ ቱታውን አራገፈ።

ሉል የሞተው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጠዋቱ ብርድ ነበር። ድልድዩን ሲሻገሩ ጀምሮ ፊሽካ ደረቱ ከብዶታል፤ እዚያ ማዶ ያለው የመብራት ምሰሶ ጋ ስደርስ ስልክ ተደወለልኝ እላለሁ ብሎ ዓይኑን ምሰሶው ላይ ተክሎ ይወጣል። ሉል ከጎኑ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ትንፋሹ ይሰማል፤ ፊሽካ ግን የራሱ ትንፋሽ ነው የበዛበት። ምሰሶው ጋ ሳይደርሱ ከኋላው፣ "ቆይ... ማሰሪያዬ" የሚል ድምፅ ሰማ።

ተመስገን አለ። ከልቡ ነው ያለው። ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ጀርባውን እንደሰጠ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። ጣፋጭ ዕረፍት ነበር። ደረቱ ላላ፣ ትከሻው ላላ። "ሉል ዛሬ ደህና አድርጎ እያሰረ ነው" ብሎም አሰበ፤ ፈገግ ሳይልም አልቀረም። ሲዞር ሉል አሁንም እንዳጎነበሰ ነው፤ ግንባሩ መሬት ነክቷል። እጆቹ ጫማው ላይ አይደሉም። ጫማውም ማሰሪያ ያለው ጫማ አልነበረም።

ፊሽካ ጮኸ። ያ ሜዳ ሙሉ ሰው ያስቆም የነበረ ድምፅ ተሰንጥቆ ወጣ። ጓደኛውን አገላብጦ፣ ከራሱ ኪስ ክኒኑን አውጥቶ፣ በጣቱ አፉን ፈልቅቆ ከምላሱ ሥር አደረገለት። ምላሱ ቀዝቅዟል። ሰው ተሰበሰበ፣ ታክሲ ቆመ፣ አንዱ የቀድሞ ተማሪው ሉልን አዝሎ አስገባው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ብዙም አልደከመበትም።

"አስቀድሞ ያማቸው ነበር? ሲራመዱ ደረቴን የሚሉበት ጊዜ ነበር?" ብሎ ጠየቀው።

"ኧረ የለም" አለ ፊሽካ። "ደህና ነበር። ድንገት ነው።"

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሉል ቤት በሰው ተሞላ። ፊሽካ ጥግ ይዞ፣ ልጁ አጠገቡ ሆና ተቀመጠ። ልጁ ክንዱን አልለቀቀችውም፤ "እንኳን አንተ አልሆንክ" የሚለው ክፉ ሐሳብ ከፊቷ ይነበባል፣ አንተ ብቻህን ብትሆን ኖሮስ የሚለውም እንደዚያው። የሉል ሚስት ከሴቶቹ መሐል ተነስታ መጥታ ፊቱ ቁጭ አለችና ሁለት እጆቹን ያዘች። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ግን የረጋ ነበር።

"ወንድሜ፣ አንተ ባትኖር ይሄን ያህልም አይቆይልኝም ነበር" አለችው። "ስላንተ አውርቶ አይጠግብም። ያስቸገረህ ካለ ይቅር በለው። መጀመሪያ ሰሞን በየመንገዱ እያስቆመ ትምህርት እሰጠው ነበር ሲለኝ፣ እኔው ነኝ የተቆጣሁት። 'ሰውየው ለጤናው ነው የሚራመደው፣ አንተ እየገተርክ ታዘገየዋለህ፣ ይሉኝታ የለህም እንዴ?' አልኩት። እውነትሽን ነው አለኝ። 'ደግ ሰው ሆኖ ነው እንጂ ስቆም አብሮኝ መቆም አልነበረበትም፤ ከእንግዲህ አላስቆመውም' አለ። ይኸው አላስቆመህም፣ አይደል?"

"አላስቆመኝም" አለ።

"ማታ ማታ ደረቱን ያሽ ነበር። ምነው ስለው፣ 'ፊሽካም መጀመሪያ እንዲህ አስቸግሮት ነበር፣ ሲለምዱት ይለቃል ብሎኛል' ይለኛል። እኔም አንተ ካልክ ብዬ ዝም አልኩ። ሊለቀው ሲል ነው እንግዲህ ሞት የቀደመው፤ ዕድሌ ነው። አንተንስ ለቆህ የለ?"

ልጁ ዞራ አየችው። ሴትየዋ መልስ ትጠብቃለች። ለሷ ደግሞ ባሏ በማይረባ ምክር አለመሞቱን መስማት ከምንም በላይ ያስፈልጋት ነበር። ፊሽካ ይሄን ያውቃል። ከዚህም ጋር ቤቱን ያውቃል፣ ልጁ ክንዱን እንደያዘች ያውቃል።

"አዎ" አለ። "ለቆኛል።"

ሴትየዋ እጁን ስማ ተነሳች። ለቀስተኛው "ወንድሙን ያጣ ሰው እኮ ነው" እያለ አዘነለት፤ አንዳንዱም መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እያንዳንዷ መታ መታ እንደ ጥፊ ነበር የምትሰማው።

ቀብሩ በማግሥቱ ነበር፤ የመቃብሩ ስፍራ ኮረብታ ላይ ነው። መኪናው በሩ ድረስ ብቻ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሳጥኑን ተሸክሞ በእግር መውጣት ነው። ጂኦግራፊ ያስተማራቸው፣ ፊሽካ ሜዳ ያዞራቸው ጎልማሶች ተሻምተው ተሸከሙት። ያን ያህል ክብደት ተሸክመው ሲወጡ አንዱ በለሆሳስ፣ "ቲቸር ሉል ዛሬም አልቀለሉም" አለና ሌሎቹ በእንባቸው መሐል ሳቁ። ሉል ቢሰማው ደስ ይለው ነበር። ሰዉ ከሳጥኑ ኋላ ተከተለ። ፊሽካ ከሁሉም ፊት፣ ከሟቹ ሚስት ጎን እንዲሄድ ቦታ ተለቀቀለት። ልጁ ከኋላው ናት።

ጥቂት እንደወጡ ያዘው። ከወትሮው የባሰ ነበር፤ ጨምድዶ አልቀረም፣ አንገቱን አልፎ ጥርሱ ውስጥ ገባ። ግራ እጁ ዛለ። ዓይኑን አነሳና ሽቅብ አየ። የተቆፈረው ጉድጓድ ከላይ ከዛፎቹ አጠገብ ነው፣ አፈሩ ይታያል። እዚያ ድረስ ልሂድ አለ በልቡ። እዚያ ድረስ ብቻ። ለዚህ ሰው ይህቺን ታህል ዕዳ አለብኝ። አንድ እግሩን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ። የሉል ሚስት አጠገቡ ሆና በእንባ ትራመዳለች። ላብ ጀርባውን አጠበው። የሚያየው የሳጥኑን ጫፍ ብቻ ሆነ።

ሉልም እንዲህ ሆኖ ነበር ማለት ነው። እሱ ከፊት ከፊቱ ሲራመድ፣ ሉል ከኋላ ሆኖ የእሱን ጀርባ እንዲህ እያየ፣ "እሱ ካልቆመ እኔ እንዴት እቆማለሁ" እያለ።

ፊሽካ ቆመ።

ማሰሪያ አላሰረም፣ ስልክ አላወጣም። መንገዱ መሐል፣ ያስተማረው ሁሉ ፊት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተገተረ። የሉል ሚስት ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች፤ ሴቶቹ ግን ደግፈው ይዘዋት ስለነበር ሳጥኑ ወደሚሄድበት ወሰዷት። ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ እሱ ጋ ሲደርስ ግራና ቀኝ እየተከፈለ ያልፈዋል። አንዳንዱ ሐዘን ነው ብሎ አንገቱን ይደፋል። አንዱ "ቲቸር ፊሽካ ናቸው እኮ" ሲል ሰማው።

"አባዬ!" ልጁ ደረሰች። "ምንድን ነው? ምን ሆንክ?"

"አመመኝ" አለ። "አልቻልኩም፣ አስቀምጪኝ።"

መንገዱ ዳር ያለ የድንጋይ ክምር ላይ አስቀመጠችው። በልማድ የቱታ ኪሱ የሚሆንበትን ቦታ በእጁ አሳያት፤ ዛሬ ግን ቱታ አልለበሰም፣ ኮት ነው። ኮቱን ከውስጥ ፈትሻ ክኒኑን አገኘች፣ ከምላሱ ሥር አደረገችለት። ስልኳን አውጥታ መኪናው ወደ በሩ እንዲመለስ ነገረች። ከዚያ አጠገቡ ተንበርክካ ትከሻውን ማሸት ጀመረች። ቀስ እያለ መተንፈስ ቻለ። የሰዉ መጨረሻ አልፏቸው ሄዷል፤ ከላይ የለቅሶ ድምፅ ብቻ ይመጣል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ቆይቷል።"

"ቆይቷል ማለት? ቲቸር ሉል መራመድ ሳይጀምሩ ነው?"

"ሳይጀምር ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም አባዬ?"

"ቤቱን ትዘጊብኛለሽ ብዬ።"

ልጁ ማልቀስ ጀመረች፤ እጇ ግን ትከሻውን ማሸቱን አልተወም። "ይሄ ነው? ለዚህ ብለህ ነው ለመሞት የደረስከው? ብትነግረኝ እኮ ወደ ሐኪም ነበር የምንሄደው። እንዲህ ያለ ነገር ይደበቃል? ለእሳቸው እንኳ አልነገርካቸውም?"

ፊሽካ ወደ ላይ አየ። ሰዉ ጉድጓዱን ከቦታል፣ ሳጥኑ አይታይም። መዋሸት ይችል ነበር፣ የሚያጋልጠው ሰው እየተቀበረ ነው።

"ጠይቆኝ ነበር" አለ። "ደረትህን ይዞህ ያውቃል ወይ አለኝ። አያውቅም አልኩት። ስትለምደው ይለቅሃል አልኩት፣ እንዳትቆም አልኩት። እኔ ቆሜ ቢያየኝ ይቆም ነበር።"

ትከሻው ላይ የነበረችው እጅ ቆመች። ከዚያ ከትከሻው ላይ ተነሳች። ልጁ ፊቷን ወደ መቃብሩ አዙራ ተቀመጠች። ከላይ አካፋ መሬት ሲመታ ተሰማ። ፊሽካ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ሊያያት አልደፈረም።

ኋላ መኪናው መጥቶ በሩ ላይ ጡሩንባ ሲያሰማ ተነስታ ክንዱን ያዘች። "ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤት" አለች ሳታየው።

የማን ቤት እንደሆነ አልጠየቃትም።